ጠርዙን የምቀባው እኔ ነኝ

በዚህ በሰው አገር፣ ከሰንሻይን ዌስት ሰፈር እስከ ባሕሩ ድረስ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ሁሉ ያጠቆርኩት እኔ ነኝ ብል የምዋሸው ጥቂት ነው። የመጋዘኑ ሠራተኛ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው፣ መስጊድ የሚሄደው፣ ሁሉም መኪናውን የሚያቆመው እኔ በቀባሁት ላይ ነው። ሰው ከመኪናው ወርዶ ወደ ጉዳዩ ሲሄድ የረገጠውን አያይም። እኔ ግን አያለሁ። ባለቤቴ ከእኔ ጋር ገበያ መሄድ የተወችው በዚህ ምክንያት ነው። እሷ ሱቅ ስትገባ እኔ ውጭ ጎንበስ ብዬ የሌላ ሰው ሥራ ስመረምር የሚያየኝ ሁሉ ገንዘብ የጠፋብኝ ይመስለዋል።

ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። አስፋልት እንደ ሰው ያረጃል። ፀሐይ ዘይቱን ትመጠዋለች፤ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል። ውሃ ከገባ በኋላ መድኃኒት የለውም። ከዚያ በፊት ጠርጎ፣ አጥቦ፣ ስንጥቁን ሞልቶ፣ በላዩ ጥቁር ሽፋን መቀባት ነው። እዚህ አገር ሲልኮት ይሉታል። በውሃ ተበጥብጦ በበርሜል ይመጣል፤ ከተቀባ በኋላ ውሃው ይተናል፣ ጥቁሩ ይቀራል። የሥራው ምስጢር ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው መሄድ አለበት። ከሥር ርጥበት ካለ ሽፋኑ አስፋልቱን አይነክስም፣ እላዩ ላይ ይተኛል እንጂ። የተኛ ነገር ደግሞ አንድ ቀን ይነሳል።

ይህን ማንም አላስተማረኝም። አገር ቤት ሳለሁ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ፤ መንገድን ቀን በጎማ፣ መኪናው ሲበላሽ ደግሞ ከሥሩ በጀርባዬ ተኝቼ አውቀዋለሁ። እዚህ ከመጣሁ በኋላ መጋዘን ውስጥ ሺፍት ስሠራ፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሰዎች መጥተው ማቆሚያውን ሲቀቡ አየሁ። ጓደኞቼ ሲያጨሱ እኔ እያየሁ ነበር። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን ገልብጬ ቤቴ ወስጄ በመዝገበ ቃላት አነበብኩት። የመጀመሪያውን ሙከራ የቤቴ መግቢያ ላይ አደረግሁ፤ ተላጠ። ሁለተኛውን የጎረቤቴ መግቢያ ላይ አደረግሁ፤ ያዘ። ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ ስጦታ ይመስለዋል።

ባሕር አጠገብ መቀባት ግን ሌላ ትምህርት ነው። ባሕርን አላምነውም። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ያታልልሃል፤ ከሰዓት በኋላ እነሱ "ቼንጅ" የሚሉት የደቡብ ነፋስ ድንገት ደርሶ ላብህን ያቀዘቅዘዋል፤ ከነፋሱ ጋር ጨው ይመጣል። ጨው ደግሞ ውሃ ይጠራል። ሌሊቱን ጤዛ ይወርዳል። ማለዳ ላይ አስፋልቱ ለዓይን ደረቅ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ሰዎች በስልካቸው የአየር ትንበያ ያያሉ። እኔ ስልክ አላምንም። የእጄን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አሳርፋለሁ። መዳፍ በሥራ ስለሚደነድን ይዋሻል፤ የእጅ ጀርባ ግን እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው፣ ርጥበት አያመልጠውም። ይህን በየትኛውም መጽሐፍ አታገኙትም፤ ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ባልደረባዬ ወሎዬ ነው። ደሴ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ልጆቹን ደግሞ ፍሌሚንግተን ካሉት ረጃጅም የመንግሥት ሕንፃዎች በአንዱ ያሳደገ ሙስሊም ነው። በዕድሜ ብዙ ያንሰኛል፤ ጋሼ እያለ በአንቱታ ነው የሚያነጋግረኝ። ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የእጅ ጀርባውን ዘዴም ሳይቀር ሰጥቼዋለሁ። ቀልድ ያበዛል፤ በርሜል ሲከፍት "ጋሼ፣ ወጡ ደርሷል፣ እንጀራ ያቅርቡ" ይለኛል። ስንት ዘመን አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተነጋገርንም።

ሥራ የምንከፋፈለው እንዲህ ነው። እሱ የሚረጨውን ማሽን ይዞ መሃሉን ይሸፍናል። መሃል ቀላል ነው። ጠርዙ የእኔ ነው። ከግድግዳው ሥር፣ ከሲሚንቶው ድንበር አጠገብ፣ በመብራት ምሰሶዎቹ ዙሪያ ማሽን አይጠጋም፤ ስለሚረጭ ያቆሽሻል። ያ ቦታ በብሩሽ፣ በእጅ ነው የሚቀባው። አንዲት ጠብታ ሲሚንቶው ላይ ካረፈች ለዘላለም ትታያለች። እኔ ክር የተዘረጋ አስመስዬ አሳልፈዋለሁ። የቀቢን ችሎታ ማወቅ የፈለገ መሃሉን ትቶ ጠርዙን ይይ። ብሩሼንም፣ ጠርዜንም ማንም አይነካብኝም።

ነገሩ የጀመረውም ከጠርዙ ነው።

ከባሕሩ አጠገብ አንድ የገበያ ማዕከል አለ። ዓሣ ጥብስ ቤት፣ ፋርማሲ፣ ልብስ ማጠቢያና ሌሎች ሱቆች ያሉት ነው፤ ከኋላው ሰፊ ማቆሚያ አለው። በየዓመቱ በጋ ላይ አንዱን ወገን እንቀባለን። ሌሎቹ ሥራዎቻችን አንድ ቀን ይኖራሉ፣ አንድ ቀን ይጠፋሉ፤ ያቆመን ይኼኛው ነው። እሱ ከሄደ ዩታችንን፣ ያቺን ኋላዋ ክፍት የሆነች የሥራ መኪናችንን፣ ሸጠን ቤት መቀመጥ ነው። እኔ ደግሞ ቤት መቀመጥ የምችል ሰው አይደለሁም፤ ባለቤቴም ቤት እንድቀመጥባት አትፈልግም።

በበጋው መጀመሪያ ቀባነው። ብዙ ሳይቆይ የማዕከሉ ኃላፊ ደወለች። ፈረንጅ ናት፣ ስትቆጣ የምትስቅ። ሄድን። መሃሉ እንደ ጥቁር መስተዋት ያምራል። ጠርዙ ግን እዚህም እዚያም፣ በተለይ ከግድግዳው ሥር፣ ፀሐይ እንደላጠው የፈረንጅ ጀርባ ተልጦ ቅርፊቱ ይነሳል። ጎንበስ ብዬ በጥፍሬ ስነካው ተጠቅልሎ ወጣ።

"የሰው ሥራ ነው" አልኩ ወዲያው።

"የማን ሰው?" አለች ሴትዮዋ እየሳቀች።

"እሱን አጣራለሁ።"

"አንተ አጣራ፤ እኔ ግን ሌላ ኩባንያ አነጋግሮኛል። ትልልቅ መኪኖች አሏቸው። እናንተን እወዳችኋለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አስተካክሉት። ክረምቱን ሳይላጥ ካለፈ ሥራው የእናንተ ይሆናል። ካላለፈ ግን ይቅርታ፣ እንለያያለን።" አሁንም እየሳቀች ነበር። እየሳቀ "እንለያያለን" የሚል ሰው ቃሉን እንደማያጥፍ አውቃለሁ።

ባልደረባዬ ይህ ሁሉ ሲባል መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ዩቱ ውስጥ ገብተን እስከ ቤቴ ስንሄድም አንድ ቀልድ አልወጣውም። ይህን ልብ አልኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፋብሪካውን ነው። በርሜሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሆን ብለው አሳንሰውታል፤ ውስጡ የቀነሱት ነገር ባይኖር ኖሮ ጽሑፍ ለምን ያሳንሳሉ? አንዱን ባዶ በርሜል ቤት አምጥቼ ለባለቤቴ አሳየኋት።

"ጽሑፉ ያው ነው" አለችኝ። "ያነሰው ያንተ ዓይን ነው። ዓይን ሐኪም ቡክ አድርጌልሃለሁ፤ ሐሙስ።"

"ካንስል አድርጊው። መነጽር የሚሸጥ ሰው 'ዓይንህ ደህና ነው' ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

"ባለፈው በመኪና ከበር የወጣህ ጊዜ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ገጭተሃል።"

"የከተማው ካውንስል ቦታውን ቀይሮት ነው።"

"ጌታ ይገስጽህ" አለች፤ ጴንጤ ናት፣ ከእኔ ጋር ስትከራከር መጨረሻ ላይ ለጌታ ትሰጠኛለች።

ቀጥዬ ዓሣ ጥብስ ቤቱን ጠረጠርኩ፤ ዘይት ይደፋሉ ብዬ። ግን ልጣጩ ከፋርማሲው በኩልም አለ፣ ፋርማሲ ደግሞ ዘይት አይደፋም። ባሕሩን ጠረጠርኩ፤ ባሕሩ ቢሆን መሃሉንም በላው ነበር። የባሕር ወፎቹን ሳይቀር ጠረጠርኩ። ለቁራጭ ድንች ሲሉ የማያደርጉት የለም፤ ነገር ግን እነሱም ወደ ግድግዳው ሥር አይጠጉም። እያጣራሁ እያጣራሁ ስሄድ ወንፊቱ ላይ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ሆነ።

ማሰብ አልፈለግሁም። ግን ነገሮች እየመጡ ፊቴ ይደረደሩ ጀመር። ብሩሼን አጥቤ ጋራዥ ውስጥ የምሰቅለው ፀጉሩን ወደ ታች አድርጌ ነው፤ ያ ሥራ እንዳለቀ ሰሞን አንድ ጠዋት ፀጉሩ ወደ ላይ ሆኖ አግኝቼው ነበር። የጋራዡ ቁልፍ ከእኔ ሌላ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ አንድ ታክሲ የሚነዳ የአገር ልጅ ፉትስክሬ ሰፈር ምሳ ስበላ አጠገቤ ተቀመጠና፣

"ባልደረባህ ዓሣ ማጥመድ ጀመረ እንዴ?" አለኝ።

"ለምን?"

"በበጋው መጀመሪያ ከኤርፖርት ሰው ጭኜ ስመለስ፣ ገና ሲነጋጋ፣ ባሕሩ አጠገብ መኪናውን አቁሞ አየሁት። ባልዲ ይዟል።"

ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። እሱ መሃሉን ይቀባል፤ መሃሉ ደህና ነው። እኔ ጠርዙን እቀባለሁ፤ የሚላጠው ጠርዙ ነው። ማለዳ ባልዲ ይዞ ይሄዳል። እኔ ሽማግሌው ሥራ አበላሸ ተብሎ ስባረር ሴትዮዋን "እኔ ብቻዬን እሠራልሻለሁ" ሊላት ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሌባ ውሻም አይጮህበትም።

ይህን ለባለቤቴ ስነግራት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

"የማንን ስም ነው የምታነሳው? አንተ ሆስፒታል የተኛህ ጊዜ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ያመላለሰውን ሰው?"

"እምነት ነው ሰውን የሚያስበላው።"

"አንተን የበላህ ጥርጣሬህ ነው። ጠይቀዋ!"

"ሌባ ተጠይቆ 'አዎ' ይላል?"

"እንግዲያው ዝም በል።"

ዝም አልኩ፤ ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም።

ሁለተኛ የምንቀባበት ቀን ደረሰ። የተላጠውን ሁሉ ፈቅፍቀን አነሳን። አስፋልቱ ደረቅ መሆኑን በእጄ ጀርባ አረጋገጥኩ። እሱ መሃሉን በስሱ ደገመው፣ እኔ ጠርዙን ከወትሮው ይልቅ ቀጥ አድርጌ ቀባሁ። ከጨረስን በኋላም እንደ ልማዴ ወደ ቤት አልሄድኩም። ባሕሩ አጠገብ ሥራ ሲኖረን ሽፋኑ እስኪደርቅ፣ ፀሐይዋም እስክታዘቀዝቅ ወንበር ዘርግቼ እጠብቃለሁ፤ የከለልንበትን ቴፕ ቀድደው የሚገቡ ሾፌሮች አሉ፣ ወፎቹም አሉ። እሱ ያን ቀን ደጋግሞ፣

"ጋሼ፣ እርስዎ ይሂዱ፤ እኔ እጠብቃለሁ" አለኝ።

"ለምን?"

"እንዲያው ይደክምዎታል ብዬ ነው።"

"አልደከመኝም።"

"ምሳዎን እንኳ በሥርዓት አልበሉም እኮ። ቤት ገብተው ጋደም ይበሉ።"

ሊያባርረኝ ፈልጓል አልኩ በልቤ። ከቦታዬ አልተነሳሁም። መጨረሻ ላይ አብረን ወጣን፤ ፊቱ ላይ ጭንቀት ነበረበት። ነገ ማለዳ ይመጣል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

በነጋታው ገና ወፍ ሲንጫጫ ተነሳሁ። ባለቤቴ "ወዴት ነው?" ስትለኝ "ዓሣ ላጠምድ" ብያት ወጣሁ። መንገዱ ላይ መብራቶቹ ተበትነው እንደ ኮከብ ያንጸባርቁ ነበር፤ ካውንስሉ ምን ዓይነት አምፖል እንደሚገዛ አላውቅም። ቀስ ብዬ ነድቼ መኪናዬን ከፋርማሲው ጎን አቆምኩና በእግሬ ወደ ኋላ ዞርኩ። ጉም ነበር፤ ከባሕሩ የመጣ፣ ቀዝቃዛ፣ ጨው ጨው የሚል።

ከግድግዳው ሥር አንድ ሰው ተንበርክኳል።

የመጣሁት እሱን ለመያዝ ነው፤ ግን ሰውየው ወደ መሬት ጎንበስ ቀና ሲል የሱብሒ ሰላት ላይ ይሆናል ብዬ ቆምኩ። ጠላትም ቢሆን ሲሰግድ አይነካም። ምሰሶ ተደግፌ ጠበቅሁ። ሰላቱ ረዘመ። ኋላም ልብ ብዬ ሳይ ሰውየው የዞረው ወደ ዓሣ ጥብስ ቤቱ ነው። ወሎዬ ወደ ዓሣ ጥብስ ዞሮ እንደማይሰግድ አውቃለሁ። ደግሞም በጉልበቱ ወደ ጎን ይሄዳል። ወደ ጎን የሚሄድ ሰላት የለም።

ከኋላው ደርሼ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ጋሼ!" ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። የእኔ ብሩሽ ነበር።

"እንዴት አደርክ?"

"አልሐምዱሊላህ... እንዴት አደሩ? በሰላም ነው? እትዬ ደህና ናቸው?"

"እትዬ ደህና ናት። ሰላም መሆኑን ግን አንተ ንገረኝ። ሥራዬን ስታፈርስ ነው የያዝኩህ፣ ወይስ ዓሣ እያጠመድክ ነው?"

"እኔ ላፈርስብዎት? ኧረ በአላህ!"

"ታዲያ ባልዲው ምንድን ነው? ብሩሼስ? ሴትዮዋን ምን ብለሃታል? ጃጅቷል፣ እኔ ብቻዬን ይሻላል ብለሃታል?"

"ጋሼ፣ እኔ ከእሷ ጋር ከ'ጉድ ሞርኒንግ' ያለፈ አንድም ቀን አልተነጋገርኩም። ወላሂ!"

"እንግዲያው በዚህ ሰዓት እዚህ ምን ትሠራለህ?"

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ሱሪው ቀድሞም ጥቁር ነበር።

"የቀረ ነገር ነበር" አለ በመጨረሻ።

"ምን ቀረ?"

"ጠርዙ ላይ። ትንሽ ነው። ሰው ልብ አይለውም።"

"የእኔ ጠርዝ ላይ?"

ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ብሩሽ አነሳ።

"አሳየኝ።"

በጣቱ አመለከተኝ። አየሁ። "ጥቁር ነው" አልኩት።

"አይደለም ጋሼ" አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የታመመ ሰው አጠገብ እንደሚነገረው። "ይኼኛው ጥቁር ነው። ይኼኛው ግን ግራጫ ነው፤ ብሩሽዎ ዘሎታል።"

ተንበርክኬ አፍንጫዬ መሬት ሊነካ እስኪል ቀረብኩ። ያኔ ታየኝ። ከድንበሩ ጎን ክንድ የሚያህል አሮጌ አስፋልት ባዶውን ቀርቷል። ፈንጠር ብሎ ሌላ። መስመሬ ቀጥ እንዳለ ነው፤ እጄ አልተሳሳተም። ግን መሃል መሃሉ ላይ ብሩሼ ያልነካው ቦታ አለ፣ እኔም እየረገጥኩት አልፌያለሁ።

ከዚያ ሳላስበው የእጄን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አሳረፍኩ። ረጥቧል። ጤዛው ሌሊቱን ሙሉ ወርዶበታል።

"አንተ ሰው!" አልኩት፤ ድምፄ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። "ይህ እኮ ርጥብ ነው! ጤዛ ላይ ነው የምትቀባው!"

"አውቃለሁ።"

"ታውቃለህ? ርጥብ ላይ አይቀባም ብዬ ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም? የተላጠው እኮ አንተ የቀባኸው ነው!"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ታዲያ ለምን?"

"ፀሐይ እስክትወጣ ብጠብቅ ሰው ይመጣል፤ ለእርስዎ ይነግራል። ትሩጋኒና ካሉት መጋዘኖች ጋ ስንሠራ ቀላል ነበር። እርስዎ ምሳ በልተው ዩቱ ውስጥ ጋደም ሲሉ የቀረውን በደረቁ እጨርሰዋለሁ፤ አንዱም አልተላጠም። እዚህ ግን ወንበር ዘርግተው እስከ ማታ ይጠብቃሉ። እንዲሄዱ ብለምንዎትም እምቢ አሉኝ። ከማለዳ ሌላ ምን ሰዓት አለኝ?"

"ትሩጋኒናም?" አልኩት። ባለፈው በጋ የትሩጋኒና መጋዘን ሰዎች ጠርዜን አይተው ፎቶ ያነሱት ነበር። ያን ፎቶ ለስንት ሰው አሳይቻለሁ።

"መስመሩ የእርስዎ ነው" አለ ቶሎ ብሎ። "እኔ የሞላሁት ቀዳዳውን ብቻ ነው።"

"አፍ የለህም? 'ጋሼ፣ ዘለሉት' አትለኝም?"

"እንዴት ብዬ? ሥራ ያስያዙኝ እርስዎ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ! በሰው ፊት ዓይንዎ ደክሟል ልበልዎት? እርስዎን ከማሳፍር አስፋልቱ ቢላጥ ይሻላል ብዬ ነው።"

የድንበሩ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ቆሞ ቀረ፤ እኔ ሳልለው አይቀመጥም። ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን "አንተ ሽማግሌ፣ ይኼን ዘለልከው" ይለኝ ነበር። እኔም እቆጣለሁ፣ እሱም ይቆጣል፤ ጠርዙ ግን በደረቅ ቀን ይቀባል። እኛ ለታላቅ ተሳስተሃል አንልም። ይሉኝታችን ጤዛ ሆኖ ከሽፋኑ ሥር ገባ፤ የላጠውም እሱ ነው። ጨውም፣ ዘይትም፣ ወፍም አይደለም።

"ተቀመጥ" አልኩት። ተቀመጠ።

"ስማኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከዘለልኩ ንገረኝ። ጮክ ብለህ ንገረኝ። ብትሰድበኝም አስፋልቱ ደረቅ ሳለ ስደበኝ።"

"መስደቡስ ይቅርብኝ" አለ፤ ቀና ብሎ ሲያየኝ የድሮው ቀልዱ ፊቱ ላይ ብቅ ማለት ጀምሯል። "ግን እርስዎ አፈርስብዎታለሁ ብለው ነው በዚህ ብርድ የመጡት?"

"የጋራዡን ቁልፍ ሁሉ ልቀይር አስቤ ነበር።"

"ሱብሓነላህ! አብሽሩ ጋሼ፣ ቀይረውት ቢሆን ብሩሽ እገዛ ነበር።"

ፀሐይ ወጥታ ጉሙ ሲሳሳ ኃላፊዋ ቴፑን ልትፈታ መጣች። ሁለት ጥቁር የተቀቡ ሰዎች ድንበር ላይ ተቀምጠው አገኘች።

"ምን ሆናችሁ?" አለች።

"ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ፤ ጤዛ ነው" አልኳት በእንግሊዝኛዬ፤ እሱንም ብቻዬን ነው የተማርኩት። "የተላጠው ሁሉ ማለዳ በርጥቡ የተቀባው ነው። ዛሬም ከግድግዳው ሥር የተቀባ አለ። ይላጣል። ሳይላጥ በፊት እኛው እናነሳዋለን።"

"ማነው በርጥቡ የቀባው?"

"እኔ" አለ ባልደረባዬ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ጠርዙን የምቀባው እኔ ነኝ።"

አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። "እስከ ዛሬ የመጣ ቀቢ ሁሉ 'እኔ አይደለሁም' ነው የሚለኝ" አለችና ሳቀች፤ እንደ ወትሮው የቁጣ ሳቅ አልነበረም። "ደረቅ ቀን ምረጡና ጨርሱት። ክረምቱን ካለፈ ያልኩት ግን እንዳለ ነው።"

የመረጥኩት ቀን የሰሜን ነፋስ ቀን ነው፤ ከበረሃው የሚመጣ፣ ከንፈር የሚያደርቅ፣ ሌላው ሰው ቤቱን ዘግቶ የሚውልበት ቀን። የእጄ ጀርባ አስፋልቱን ሲነካ ሊቃጠል ምንም አልቀረው። መጀመሪያ ውሃ በስሱ ረጭተን አበረድነውና ውሃው ድራሹ እስኪጠፋ ጠበቅን፤ ይህም የእኔ ዘዴ ነው። ከዚያ ብሩሼን ያዝኩ። እሱ መሃሉን ጨርሶ ከኋላዬ ቆመ።

"ጋሼ! በግራ! ክንድ ያህል ቀርቷል!"

ፋርማሲ የሚገባው ሰው ዞሮ አየ። ተመልሼ ቀባሁ።

"ጋሼ! ከምሰሶው ሥር! ኧረ እሱስ ጋቢ ማስጫ ይሆናል!"

"ሰምቻለሁ፣ አትጩህ!"

"ጮክ ብለህ ብለውኛላ!"

ባደገበት ይሉኝታ ልክ ጮኸብኝ፤ የዘመኑን ሁሉ ባንድ ቀን አወጣው። ፊቴ ከነፋሱ ይልቅ በእሱ ጋለ። ቢሆንም መስመሬ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ አንድ ጠብታ ሲሚንቶ ላይ አላረፈም፤ ይህን እሱም ይመሰክራል።

ክረምቱ መጣ፤ ዝናቡም፣ ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስም። በየሳምንቱ እየሄድኩ ጠርዙን በጥፍሬ ፈተንኩት። አልተነሳም። መስከረም ላይ ሴትዮዋ ደውላ ሥራው የእናንተ ነው አለችን። ለባለቤቴ ስነግራት "ሰውየውን ይቅርታ ጠየቅከው?" አለችኝ። "ቁልፉን አልቀየርኩበትም" አልኳት።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ይከነክነኛል። በቅርቡ ትሩጋኒና ስንሠራ "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቀርቷል" ብሎ አስቆመኝ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት፤ ጣቴ ጥቁር ሆኖ ተመለሰ። ቀብቼዋለሁ! ቀና ስል አፉን በእጁ ይዞ ይስቃል።

"ልፈትንዎ ብዬ ነው" አለኝ።

እንግዲህ ከዚያ በፊት ቀርቷል ካለኝ ውስጥ ስንቱ በእርግጥ ቀርቶ ነበር? ስንቱስ ጨዋታ ነበር? ሰውየው ማውራት ከለመደ ወዲህ እንደ ዝምታው ዘመን ሁሉ ነቅቼ ልጠብቀው ይገባል። ባለቤቴ የዓይን ሐኪሙን እንደገና ቡክ አድርጋልኛለች፤ ለሐሙስ። እሄዳለሁ። ዓይኔ ታሞ አይደለም። ይህ ወሎዬ እውነቱን ይናገር እንደሆነ በራሴ ዓይን ማረጋገጥ ስላለብኝ ነው።